ዘይትን የሚይዝ ሳሙና፦ ግራሶ እንዴት ይቀመማል?

[ምስል፦ ከደንገጎ አናት ወደ ድሬዳዋ የሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ፤ ጭነት የያዘ መኪና ቀስ እያለ ይወርዳል።]

ከሐረር ተነሥቶ የደንገጎን ቁልቁለት የጨረሰ የጭነት መኪና ድሬዳዋ ገብቶ ሲቆም የጎማው እምብርት እጅ አያስነካም። ፍሬኑ መኪናውን አፍኖ ለመያዝ ያወጣው ጉልበት ወደ ሙቀት ተለውጦ፣ ታምቡሩን አልፎ ኩሽኔታው ድረስ ዘልቋል፤ እታች የሚቀበለው አየርም በግንቦትና በሰኔ ቀን ቀን ከ35 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ኩሽኔታው ውስጥ ያለው ግራሶ ይህን ሁሉ ችሎ ሳይፈስ በቦታው መቆየት አለበት። ክረምት ሲገባ ደግሞ ያው መኪና የደቻቱ ወንዝ ደራሽ ጥሎት በሄደው ውሃና ጭቃ ውስጥ ያልፋል፤ ያን ጊዜ የሚፈለገው በውሃ የማይታጠብ ግራሶ ነው። ግራሶ የሚቀምም ባለሙያ አስቀድሞ የሚያስበው እነዚህን ሁለት ፈተናዎች፣ ሙቀትንና ውሃን ነው። መልሱን በአብዛኛው የሚወስነውም ዘይቱን የያዘው ሳሙና ከየትኛው ብረታማ ንጥረ ነገር እንደተሠራ ነው።

[ምስል፦ በጣት ላይ የተዘረጋ ግራሶ፤ ከጎኑ በሳህን ላይ የሚቀልጥ ቅቤ።]

ግራሶን የወፈረ ዘይት አድርጎ ማሰብ የተለመደ ነው። ቅቤ ከደጋ ወደ ድሬዳዋ ሲወርድ የሚፈሰው ራሱ ስቡ ስለሚቀልጥ ነው፤ ግራሶ ውስጥ ያለው ዘይት ግን ከመጀመሪያውም ፈሳሽ ነው፣ አንድ ቀንም ጠጣር ሆኖ አያውቅም። እንዲቆም ያደረገው በመካከሉ የተሰራጨው ሳሙና ነው። ሳሙናው በዓይን በማይታዩ ቀጫጭን ቃጫዎች መልክ ተጠላልፎ እንደ ስፖንጅ መረብ ይሠራል፣ ዘይቱም በቃጫዎቹ መካከል ተይዞ ይቀመጣል። ከ100 ኪሎ ግራሶ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ80 እስከ 90 ኪሎ የሚሆነው ዘይት ነው፤ ሳሙናው ከ5 እስከ 20 ኪሎ ሊደርስ ይችላል፤ የቀረው ዝገትን፣ እርጅናንና ከባድ ጫናን የሚከላከል ጭማሪ ኬሚካል ነው። የማለስለሱ ሥራ በዋናነት የዘይቱ ሲሆን፣ የሳሙናው ድርሻ ዘይቱ ከሥራ ቦታው እንዳይርቅ መጠበቅ ነው።

ሳሙና ስንል ከልብስ ማጠቢያው ጋር የሚያዛምደው ነገር አለ ወይ ለሚል፣ በሚገባ አለ። ሞራና ኮስቲክ ሶዳ አገናኝቶ ሳሙና ያፈላ ሰው የሶዲየም ሳሙና ሠርቷል። የስብ አሲድ ከአንድ ብረታማ ንጥረ ነገር ሃይድሮክሳይድ ጋር ሲገናኝ ሳሙናና ውሃ ይወጣል፤ የግራሶውም ኬሚስትሪ ይኸው ነው። ልዩነቱ ከኖራ፣ ከሶዳ ወይም ከሊቲየም የትኛው እንደተመረጠ ነው።

[ምስል፦ ሦስት ብርጭቆ ውሃ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ማንኪያ ግራሶ።]

በኖራ የሚሠራው የቀድሞው የካልሲየም ግራሶ ውሃን በደንብ ይቋቋማል፤ ይሁን እንጂ ቃጫዎቹን ያያያዘው በውስጡ የቀረው አንድ በመቶ ያህል ውሃ በመሆኑ፣ ሙቀቱ ወደ 80 ዲግሪ ሲጠጋ ያ ውሃ ይተንና ሳሙናና ዘይት ይለያያሉ። ለውሃ ፓምፕ ይሆናል፣ ለደንገጎ ቁልቁለት ግን አይሆንም። የሶዲየም ግራሶ ተቃራኒው ነው፤ ሙቀቱን እስከ 120 ዲግሪ ገደማ ይችላል፣ ውሃ ሲነካው ግን እንደ ወተት ነጥቶ ይታጠባል። ለነገሩ በሰሜን አሜሪካ የእንፋሎት ባቡሮች ዘንግ ላይ ይህ የሶዲየም ግራሶ እንደ ጡብ ጠንክሮና ተቆርጦ ይቀመጥ ነበር፤ የምድር ባቡር ልጅ በሆነችው በድሬዳዋ ይህን ማንሳት ከርዕስ መውጣት አይመስለኝም።

ሊቲየም ሁለቱን ጠባይ አስታረቀ። አሜሪካዊው ክላረንስ ኧርል እ.ኤ.አ. በ1942 የሊቲየም ግራሶ የፈጠራ መብቶችን ካስመዘገበ ወዲህ፣ ውሃንም ሙቀትንም የሚችል አንድ ግራሶ ለብዙ ሥራ ማዋል ተቻለ። ግራሶው ተሞቆ የመጀመሪያዋ ጠብታ የምትወርድበት ነጥብ ከ180 እስከ 200 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በሥራ ላይ ግን ከ120 ወይም ከ130 ባያሳልፉት ይሻላል። ሻጮች የጠብታውን ነጥብ የሥራ ሙቀት አስመስለው ሲያቀርቡት የሚሞኘው ብዙ ነው።

ሳሙናው የሚወጣበት የስብ አሲድ ከጉሎ ዘይት ይገኛል። በየአጥሩና በየመንገዱ ዳር የሚበቅለው የጉሎ ፍሬ ዘይቱ ከ85 በመቶ በላይ ሪሲኖሌይክ የሚባል አሲድ ሲሆን፣ ይህ በሃይድሮጅን ሲጠግብ 12-ሃይድሮክሲ ስቴሪክ አሲድ የሚባለው፣ በ75 ዲግሪ አካባቢ የሚቀልጥ ነጭ ጠጣር ይሆናል። በዚህ አሲድ ላይ ያለችው አንዲት የሃይድሮክሲል ቅርንጫፍ ቃጫዎቹን እርስ በርስ ታያይዛለች፤ ያለሷ የሚሠራው ግራሶ ደካማ ይሆናል።

[ምስል፦ መቀላቀያ ያለው ድርብ ግድግዳ ብረት ድስት፤ የሙቀት መለኪያው ሲወጣ።]

አሁን 100 ኪሎ ግራሶ እንቀምም። 8 ኪሎ አሲድ ከዘይቱ ግማሽ ጋር በ85 ዲግሪ ይሟሟል። ለዚህ የሚያስፈልገው የሊቲየም ሃይድሮክሳይድ ሞኖሃይድሬት (ውሃ ያዘለው ዱቄት) በስሌት 1.12 ኪሎ ነው፤ እሱም በ5 ወይም 6 ሊትር ሙቅ ውሃ ተበጥብጦ ቀስ እየተባለ ይጨመራል። ገበያ ላይ ያለው አሲድ ሙሉ በሙሉ ንጹሕ ስላልሆነ ስሌቱ በከረጢቱ ላይ በተጻፈው የአሲድ ቁጥር፣ ማለትም አሲዱን ለማምከን ምን ያህል ሃይድሮክሳይድ እንደሚፈለግ በሚያሳየው ቁጥር፣ መስተካከል አለበት፤ ይህን የዘለለ ሰው በኋላ ግራሶው ለምን እንደላላ ሲፈልግ ይውላል። ሊቲየም ሃይድሮክሳይድ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፣ ጓንትና መነጽር የግድ ነው። ውሃው ሲተን አረፋ ስለሚገነፍል ድስቱን እስከ አፉ መሙላት አይገባም።

ውሃው ካለቀ በኋላ ሙቀቱ ወደ 200 ዲግሪ ከፍ ይላል፣ ሳሙናውም በዘይቱ ውስጥ ቀልጦ ይጠፋል። እዚህ ላይ ዘይቱ እሳት ወደሚይዝበት ሙቀት ተጠግተናልና ክፍት እሳት መጠቀም አይገባም። ከዚያም ቀሪው ዘይት እየተጨመረ ይበርዳል፤ ቃጫው የሚወለደው በዚህ ጊዜ ነው። ቀስ ብሎ ሲበርድ ቃጫው ይረዝማል፣ ፈጥኖ ሲበርድ ያጥራል። ከ90 ዲግሪ በታች ሲሆን ጭማሪ ኬሚካሎቹ ይገባሉ። በደንብ ያልተገነፋ ገንፎ ጓል እንደሚኖረው ሁሉ ግራሶም ይጓጉላልና፣ በመጨረሻ በጠባብ ክፍተት መካከል ተገፍቶ እንዲያልፍ ይደረጋል።

የዘይቱ ውፍረት በ40 ዲግሪ ሙቀት ከ150 እስከ 220 ሴንቲስቶክ (የፈሳሽ ውፍረት መለኪያ) ቢሆን ለጎማ ኩሽኔታ ተስማሚ ነው። ከሞተር የወጣ ዘይት መጠቀም ያማረው ካለ ግን ይተወው፤ በውስጡ ያለው ጥላሸትና የብረት ብናኝ ኩሽኔታውን ይፈጫል።

[ምስል፦ የብረት ሾጣጣ ግራሶ ውስጥ ሲሰምጥ።]

ግራሶው በ25 ዲግሪ ሙቀት 60 ጊዜ ከተወቀጠ በኋላ ሾጣጣ ክብደት ይለቀቅበትና በ5 ሰከንድ ምን ያህል እንደሰመጠ ይለካል። በአሜሪካው የግራሶ ተቋም፣ በኤን ኤል ጂ አይ፣ ምድብ ቁጥር 2 የሚባለው ከ26.5 እስከ 29.5 ሚሊ ሜትር የሰመጠው ነው። የኛ 33 ከሰመጠ ቁጥር 1 ሆኗል ማለት ነው፤ ሌላ ሳሙና ከመጨመር በፊት እንደገና በጠባቡ ክፍተት ማሳለፍ ብዙ ጊዜ ያጠነክረዋል። ቀለሙ ቀይ ወይም ሰማያዊ መሆኑ ስለ ጥራቱ ምንም አይነግርም፤ ቀለም የሚገባው ለመለያ ነው።

ድሬዳዋ ላይ ሆኜ ሳስበው ይበልጥ የሚማርከኝ ግን ውሃ የማያስፈልገው የካልሲየም ግራሶ ነው። ያው ጉሎ ወለድ አሲድ ከንጹሕ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ማለትም ውሃ ከጠጣ ኖራ ጋር ይገናኛል፤ ለ8 ኪሎ አሲድ 986 ግራም ይበቃል፣ ድስቱም ከ140 ዲግሪ ብዙ ማለፍ አያስፈልገውም። የባትሪ ፋብሪካዎች የሊቲየምን ፍላጎት ከፍ ካደረጉ ወዲህ ይህ መንገድ በብዙ አገር እየተሞከረ ነው። ችግሩ ጉሎውን በሃይድሮጅን ማጥገብ በግፊት የሚሠራ ዕቃና የኒኬል ማፋጠኛ ስለሚፈልግ አሲዱን ከውጭ ማስመጣት አይቀርም፤ ኖራውም ለግንባታ ከሚቀርበው የበለጠ የጠራ መሆን አለበት። ግራሶው እስከ 110 ዲግሪ ስለሚያገለግል ለወፍጮ ቤት፣ ለውሃ ፓምፕና ለመኪናው የታችኛው አካል መገጣጠሚያዎች ይበቃል፤ ከደንገጎ ለሚወርደው መኪና የጎማ ኩሽኔታ ግን አሁንም ሊቲየሙን እመርጣለሁ፣ አሮጌው ግራሶ ከኩሽኔታው ሙሉ በሙሉ ተጠርጎ ከወጣ በኋላ።