ሊበሰብስ የተቀረጸ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ሰሞኑን ከልቤ አልወጣ ያለ ጉዳይ ስላለ ብቻዬን ላወጋችሁ ተቀምጫለሁ።

የምኖረው ዴንቨር ነው። ባለፈው ቅዳሜ በከተማችን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ አንዲት እንስራ ፊት ቆሜ ቀረሁ። በነጭ ቅቧ ላይ አጋዘኖች ተስለውባታል። ከእያንዳንዱ አጋዘን አፍ የተነሣ ቀይ መስመር አንገቱን አልፎ ልቡ ላይ ያርፋል። የሠሯት ዙኒዎች ናቸው፤ በኒው ሜክሲኮ ምዕራባዊ ጫፍ የሚኖሩ፣ ራሳቸውን «አሺዊ» ብለው የሚጠሩ፣ ለቋንቋቸው በዓለም ላይ ዘመድ ያልተገኘለት ሕዝብ።

እንስራዋን ሳይ ግን ያሰብኩት በዚያ ቤት ውስጥ አሁን ስለሌለ ነገር ነበር።

ዙኒዎች በየዓመቱ፣ ቀኑ እጅግ በሚያጥርበት በታኅሣሥ ወር፣ ሁለት ምስሎችን ከእንጨት ይቀርጻሉ። አሃዩዳ ይሏቸዋል፤ መንትያ ወንድማማች የጦርነት አማልክት ናቸው። ታላቁን የአጋዘን ጎሣ፣ ታናሹን የድብ ጎሣ ሰዎች ይቀርጹታል። ጸሎት ከተደረገባቸው በኋላ ሜዳ ላይ ሳይሆን ከፍ ባለ፣ በተቀደሰ ስፍራ ይቆማሉ። አዲሶቹ ሲመጡ አሮጌዎቹ ቦታ ይለቁላቸዋል እንጂ አይጣሉም፤ እዚያው ይከመራሉ። ዝናብ ይመታቸዋል፣ ፀሐይ ይሰነጥቃቸዋል፣ ከዓመት ዓመት ወደ አፈር ይመለሳሉ። ጥበቃቸውም አያቋርጥም፤ እየበሰበሱም ቢሆን ሥራ ላይ ናቸው። ፎቶግራፋቸውን ፈልጋችሁ እንድታዩ አልጋብዛችሁም። ለእይታ አልተሠሩም።

በ1879፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የማወራው፣ ስሚዝሶኒያን የተባለው የአሜሪካ የምርምርና የሙዚየም ተቋም ያሰማራው ቡድን ዙኒ ደረሰ። ጄምስ ስቲቨንሰን፣ ባለቤቱ ማቲልዳ ኮክስ ስቲቨንሰን፣ ፎቶግራፍ አንሺው ጆን ሂለርስና የ22 ዓመቱ ፍራንክ ሃሚልተን ኩሺንግ ነበሩበት። ሸክላው በሺህ እየተቆጠረ ወደ ዋሺንግተን ተጫነ። ኩሺንግ እዚያው ቀረ። ለአራት ዓመት ተኩል ያህል ከሕዝቡ ጋር ኖረ፣ ቋንቋቸውን ለመደ፣ ልብሳቸውን ለበሰ፣ «የቀስት ካህናት» የሚባለው የሃይማኖት ማኅበራቸው አባል እስከ መሆን ደረሰ። የዚያ ዘመን ሰብሳቢዎች «እነዚህ ሕዝቦች ሊጠፉ ነው፤ ቢያንስ ዕቃቸውን እናትርፍ» ይሉ ነበር። ብዙዎቹ ከልባቸው እንዳመኑበት እገምታለሁ። ዙኒዎች ግን አልጠፉም። ይኸው ዛሬም ይቀርጻሉ፤ የጎደለው ከየተራራው የተወሰደው ነበር።

ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት አሃዩዳዎቹ ከየስፍራቸው እየተነሡ ወደ ሙዚየሞችና ወደ ግለሰቦች ቤት ገቡ። በዙኒ ሕግ ማንም ሰው፣ ዙኒም ቢሆን፣ አሃዩዳን የመሸጥ ወይም የመስጠት መብት የለውም፤ የሕዝቡ ሁሉ ነውና። ስለዚህ ከስፍራው ወጥቶ የተገኘ አሃዩዳ ሁሉ የተሰረቀ ነው። በ1978 አንዱ ኒው ዮርክ ውስጥ ለጨረታ ሊቀርብ መሆኑን የዙኒ ሃይማኖት አባቶች ሰሙ፤ ተቃወሙ፣ ከጨረታው ወጥቶ ተመለሰላቸው። በዚያው ጊዜ የዴንቨሩንም ሙዚየም ጠየቁ። ሙዚየሙ ከተከራከረ በኋላ በ1980 መለሰ። የአሜሪካ ተወላጆች የመቃብር ጥበቃና የቅርስ መመለስ ሕግ የወጣው እኮ በ1990 ነው! እነዚህ አባቶች ሕግ ከመውጣቱ አሥር ዓመት ቀድመው፣ በትዕግሥትና በንግግር አሳመኑ። እስከ 1992 ድረስ 69 አሃዩዳዎች ከ37 ስብስቦች ተመልሰዋል።

እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ግን ከተመለሱ በኋላ የሆነው ነው። ዙኒዎች ሌባ የማይደፍረው ጥብቅ ቅጥር ሠሩላቸው። ላዩን ግን ክፍት ተዉት። ዝናቡ እንዲገባ፣ በረዶው እንዲወርድ፣ እንጨቱ እንዲያልቅ።

የአባቴን ደብዳቤዎች በፕላስቲክ ጠቅልዬ የማስቀምጥ ሰው ነኝ። ያረጀ መጽሐፍ ሲቀደድ ሆዴ ይባባል። ስለዚህ ይህን መጀመሪያ ስሰማ ውስጤ ደንግጧል፤ መቶ ዓመት ከምስጥና ከእርጥበት የተጠበቀ ነገር እንዴት ለዝናብ ይሰጣል? ቆይቼ ነው የገባኝ። በመስታወት ውስጥ የቆየው እንጨቱ ነበር። አሃዩዳው ሥራውን የሚሠራው ሲያረጅ ነው፤ እንዳያረጅ መከልከል ከአገልግሎቱ ማገድ ነው። ዙኒዎች ሙዚየሞችን «በደንብ አልጠበቃችሁም» አላሏቸውም። በደንብ መጠበቃቸው ራሱ ነበር ችግሩ።

ይህን ለመረዳት እኛ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱ ታቦታት በብሪቲሽ ሙዚየም አሉ። በጨርቅ ተጠቅልለው፣ በተዘጋ ክፍል፣ የሙዚየሙ ሠራተኞች እንኳ ሳያዩዋቸው ተቀምጠዋል። እንዳይታይ የተቀደሰ ነገር፣ ለማሳየት በተሠራ ቤት ውስጥ። ሆኖም ልዩነት አለን። ለእኛ መመለስ ማለት ካህኑ በአናቱ ተሸክሞ፣ በእልልታ ታጅቦ፣ ወደ መንበሩ ማስገባት ነው። ዙኒዎች ግን ለነፋስና ለዝናብ ያስረክባሉ። ሁለቱም ቤት ማግባት ነው፤ ቤቱ ምን እንደሆነ የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው።

የሸክላው ጉዳይ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። እንስራ የሰው እጅ የሚነካው፣ ውሃ የሚቀዳበት ዕቃ ነው፤ ዙኒዎች ለአሃዩዳ ያነሡትን ጥያቄ ለእያንዳንዱ ሸክላ አላነሡም። እንዲያውም በ1980ዎቹ ሸክላ ሠሪዋ ጆሴፊን ናሆሃይ ከቤተሰቧ ጋር ስሚዝሶኒያን ድረስ ሄዳ የጥንቶቹን እንስራዎች አይታለች፤ ያየችውንም ይዛ ወደ ጭቃዋ ተመልሳለች። ዙኒ መንደር ውስጥ በ1992 የተቋቋመው የራሳቸው ሙዚየምም፣ በሌሎች ሙዚየሞች ስለ ዕቃዎቻቸው የተጻፈውን ስሕተት ባለቤቶቹ በራሳቸው አንደበት እንዲያርሙ ሲሠራ ቆይቷል። ከ1879ኙ ሸክላዎች የብዙዎቹ ሠሪ ሴት ስም አልተመዘገበም። የመስመሩን ትርጉም፣ የአፈሩን ቦታ፣ ማን ሊነካው እንደሚገባ የሚያውቁት ግን በሕይወት አሉ፤ መጠየቅ ይቻላል።

አንድ ነገር ልጨምርና ልሰናበታችሁ። የዙኒ ሸክላ ሠሪዎች ጭቃቸውን ሲያዘጋጁ የአሮጌ ሸክላ ገል ፈጭተው ይቀላቅሉበታል፤ አዲሱ እሳት ላይ እንዳይሰነጠቅ ያጸናዋል። የአያት እንስራ ተሰብሮ በልጅ ልጅ እንስራ ውስጥ ይገባል። ቅዳሜ ያየኋት እንስራ ሙሉ ናት፤ አንድም ስንጥቅ የላትም። አጋዘኖቿ እስትንፋሳቸውን ይዘው ይዞራሉ። ውሃ ግን የለባትም፣ ገል ሆና ወደማንም ጭቃ አልገባችም።

በሚመጣው ቅዳሜ ተመልሼ አያታለሁ። ደኅና ሁኑ።