ብረት ይዘው ለሚነሡ ልጆች፤ በኮምቦልቻ በመታሰቢያ ሽልማቱ ዕለት የተደረገ ንግግር
የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የጋሼ ቤተሰቦች፣ ከደሴ፣ ከሐይቅ፣ ከባቲ፣ ከወልዲያና ከላሊበላ የመጣችሁ እንግዶች፣ የጋራዥና የብየዳ ቤት ባለቤቶች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሥራችሁን ዛሬ እዚህ ግቢ ያቆማችሁ ወጣቶች፤ አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ። እንኳን በሰላም መጣችሁ።

ይህ ለወጣት የብረት ቀራፂዎች የሚሰጥ ሽልማት ለመምህራችን መታሰቢያ የቆመ ነው፤ ሙሉ ስማቸው ከኋላዬ በተሰቀለው ጨርቅ ላይ ተጽፏል። እኔ ግን በሥራ ቦታ እንደለመድነው ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ቤተሰባቸውም ፈቅዶልኛል። ጋሼ ቀን ቀን የግቢ በር፣ የመስኮት ፍርግርግ፣ የውኃ ታንከር መቆሚያ ይበይዱ ነበር። ደንበኛው ሂሳቡን ከፍሎ ሲሄድ ደግሞ ጥግ ላይ በሸራ የሸፈኑትን ሥራ ይገልጡታል። ከፌሮ ቁራጭ የተሠራች አህያ፣ ከማርሽና ከሰንሰለት የተሠራ ግመል። ለባቲ ገበያ ግመሎች የነበራቸውን ፍቅር ቤተኞቻቸው ታውቃላችሁ።

ለወፍ ክንፍ የሚመርጡት ብረት ባሌስትራ፣ ከመኪና ሥር ንዝረት የሚችለው ተደራራቢ ብረት ነበር። በያጆች እንደምታውቁት የመኪና ባሌስትራ ካርቦን የበዛበት፣ ግትር ብረት ነው። ቀዝቃዛውን በይደው ነፋስ ላይ ከተውት ከብየዳው ጠርዝ ላይ ይሰነጠቃል። ጋሼ መጀመሪያ በከሰል ያሞቁታል፤ ቀስ እያሉ ይበይዱታል፤ ከዚያ ትኩሱን እንዳለ አመድ በሞላ በርሜል ውስጥ ይቀብሩታል። እኛ ውጤቱን ለማየት በርሜሉን እንከብባለን። እሳቸው ጓንታቸውን አውልቀው «ይደር» ይላሉ፤ በቃ፣ ያድራል። ጠዋት አመዱ ሲራገፍ ብረቱ ደህና ከሆነ በመዶሻ እጀታ መታ ያደርጉትና ድምፁን ያዳምጣሉ። ከተሰነጠቀም «አብሽር» ብለው ያንኑ ልጅ እንደገና እሳቱ ዘንድ ያቆሙታል። እኔ ከዚያ የተሻለ ትምህርት ቤት አላየሁም።

ይህ ሽልማት ሲታሰብ ብዙዎች ዋንጫና የምስክር ወረቀት ይሁን ብለው ነበር። እኛ ተማሪዎቻቸው አልተስማማንም። ምክንያቱን ልንገራችሁ። ሠዓሊ ተከራይቶ በሚያድርበት ክፍል ውስጥ ሥራውን ሊሠራ ይችላል። የብረት ቀራፂ ግን ድምፅ አለው፣ ፍንጣሪ አለው፣ ጭስ አለው፤ የትኛውም አከራይ ማታ ግራይንደር (የብረት መቁረጫና መሞረጃ ማሽን) አያስነሳም። ላሜራ (ዝርግ ብረት) እና ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት) በገበያ ዋጋ ገዝቶ፣ ኤሌክትሮድና ዲስክ ጨምሮ፣ ይሸጥ አይሸጥ በማይታወቅ ሥራ ላይ የሚያውል ጀማሪ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ልጁ በር ይበይዳል። በር መበየድ ክብር ያለው እንጀራ ነው፤ ጋሼም ሠርተውበታል። ግን በዚሁ ከቀጠለ በሠላሳ ዓመቱ እጁ በሩን ብቻ ያውቃል፤ በልቡ የነበረው ቅርፅም ወረቀት ላይ ይቀራል።

በመሆኑም የተመረጠው ወጣት የሚያገኘው የሥራ ቦታ ነው፤ መብራትና ጣራ ያለው። ብረት ያገኛል፤ የዓይን መከላከያና ጓንት ያገኛል፤ አጠገቡ የሚቆም ልምድ ያለው በያጅ ያገኛል። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ሰው በሚያልፍበት አደባባይ የሚቆምበት መሬት እንፈልግለታለን። ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ፤ እዚህ ያሉትን የከተማ አስተዳደር ተወካዮች ይመለከታል።

ወሎ ለብረትና ለነሐስ እንግዳ አይደለም። ላሊበላ ቤተ መድኃኔ ዓለም ያለውን አፍሮ አይገባ መስቀል ያላየ ወሎዬ ጥቂት ነው። በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ወደ ቤልጅየም ሲወጣ አገር አለቀሰ፤ ከዓመታት በኋላ ሲመለስም አገር በእልልታ ተቀበለው። የአገራችን መስቀሎች ብዙዎቹ የተሠሩበትን መንገድ ለወጣቶቹ እነግራለሁ። ባለሙያው መጀመሪያ መስቀሉን በሰም ይቀርፃል። ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ ጭቃው ሲተኮስ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ቦታ የቀለጠ ነሐስ ይፈስሳል። ከዚያ ጭቃው ይሰበራል። ቅርፁ ስለተሰበረ ያው መስቀል ሁለተኛ አይደገምም። መዳብ ለመቅለጥ ከ1,080 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይፈልጋል፤ ያንን ሙቀት በከሰልና በወናፍ ብቻ ያመጡ አባቶች ናቸው እንግዲህ። ስማቸውን ግን መስቀሉ ላይ አናገኘውም።

መቅደላንም አስቡ። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ከቀለጠ ነሐስ ተሠራ፤ ወደ 7 ቶን ይመዝናል ይባላል። ያንን ሁሉ ገደልና ሸለቆ በሰው ጉልበት ተጎትቶ አሁንም ወሎ ምድር፣ መቅደላ ላይ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሲወድቁ የእንግሊዝ ጦር ከዚያው አምባ ዘውዱን፣ ጽዋውን፣ መስቀሉን ጭኖ ሄደ። ስለ ጋፋት ሲወራ የአውሮፓውያኑ ሠራተኞች ስም ይነሣል። ከእነሱ ጋር ወናፍ የነፉት፣ ጉድጓድ የቆፈሩት፣ ነሐሱን ያፈሰሱት ያገራችን ልጆች ስም እምብዛም አይነሣም። ይህ ያንገበግበኛል፤ ሽልማቱ ላይ የሠሪው ስም ከሥራው ግርጌ በብረት ተቀርፆ ይበየድ ያልነውም ለዚህ ነው።

ስሙ የጠፋው ደግሞ በአጋጣሚ አይደለም። ቀጥቃጭ፣ ጠይብ፣ ቡዳ እየተባለ የሰደብነው ሰው ነው። ማረሻውን ከእሱ ወስደን ገበታችንን ከለከልነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። አዋጁ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሆኖም ልጄ ብረት ሊቀጠቅጥ ነው ብላ የምታፍር እናት ዛሬም አለች። ከተመረጡት ወጣቶች የአንዷ እናት እዚህ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። እማማ፣ ልጅሽን አደራ ብለሽ ስለሰጠሽን እናመሰግንሻለን።

ወደ አደባባዩ ልመለስ። በአዲስ አበባ ትልልቅ ከሚባሉት ሐውልቶች በርከት ያሉት በውጭ ሰው እጅ የተሠሩ ናቸው። በ1923 ዓ.ም. የቆመው የዐፄ ምኒልክ ሐውልት የጀርመናዊ ሥራ ነው፤ በትግላችን ሐውልት ላይ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እጅ አለበት። በ2011 ዓ.ም. በአፍሪካ ኅብረት ግቢ የቆመው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሐውልት የቀራፂ በቀለ መኮንን መሆኑን ስሰማ ደስ ያለኝም ለዚህ ነው። አገር በቀል እጅ መኖሩ ታየ። አሁን ጥያቄው ቀጣዩ እጅ የት ይለማመዳል የሚል ነው። አንድ ወጣት የመጀመሪያ ሥራውን ሰባት ሜትር አድርጎ አይጀምርም። የሰው ቁመት የሚያህል ሥራ ውጭ አቁሞ፣ ክረምቱ ምን እንዳደረገው ማየት አለበት። የተዘጋ ቱቦላሬ ውስጥ ውኃ ተጠራቅሞ ከውስጥ እንደሚበላው፣ ከሥሩ ማፍሰሻ ቀዳዳ መብሳት እንደነበረበት የሚማረው እንደዚያ ነው። ስለዚህ የደሴና የኮምቦልቻ አስተዳደሮችን የምንጠይቀው ትልቅ በጀት አይደለም። በየዓመቱ ለአንድ ሥራ የሚሆን የአደባባይ ጥግ፣ ኮንክሪት መሠረትና ፈቃድ ብቻ።

የወሎ ዩኒቨርሲቲንም አንድ ነገር እንለምናለን። የኮምቦልቻው የቴክኖሎጂ ተቋማችሁ ማሽኖች በክረምት ዕረፍት ላይ ናቸው፤ ለእነዚህ ልጆች በሩን ክፈቱላቸው። ጋራዥ ያላችሁም ያረጀ ፍሪሲዮን፣ የተሰበረ ማርሽ፣ ባሌስትራ ለቁራሌ ከመሸጣችሁ በፊት አንድ ጊዜ ደውሉልን።

ስለ ጦርነቱ ብረትም ሳልናገር አልወርድም። በ2014 ዓ.ም. ያሳለፍነውን እዚህ ማንም ለማንም አይነግርም። የደሴ ሙዚየም ተዘረፈ፤ የተቃጠለ መኪና መንገድ ዳር ቀረ። ከዚያ ብረት ሥራ መሥራት የሚፈልጉ ወጣቶች አሉ፤ ልክ ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ ያንን ብረት ከእኛ በላይ የሚያውቀው የለምና። ነገር ግን ልጆቼ፣ ተማጽኜ እነግራችኋለሁ፦ ቀለሃም ሆነ የፈንጂ አካል፣ ባዶ ቢመስላችሁም፣ ባለሙያ መርምሮ ሳያጸዳው እሳት አታስነኩት። እዚህ ወርክሾፕ በር አይገባም። እንደ ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠውን ብረትም ደጅ ላይ፣ አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ በይዱ፤ የዚንኩ ጭስ ትኩሳት ያስይዛል።

አሁን ወደ ግቢው እንወጣለን። ሥራዎቹ ከመጋዘኑ ጀርባ ቆመዋል፤ የተመረጡትን ስም የምጠራው በየሥራቸው ፊት ነው፤ ወላጆቻቸው አጠገባቸው እንዲቆሙ እንፈልጋለን። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ አዛውንቶች ይቅደሙ። አመሰግናለሁ።