የግንቦት ጣጣ፦ የበረዶ ሆኪ ተጫዋች የክለቡ ነው ወይስ የአገሩ?

[ምስል፦ ደሴ ፒያሳ፣ ጠዋት። መዳፍ ላይ የተቀመጠች የጫማ ቀለም ቆርቆሮ]

ይቺን ቆርቆሮ ጫማዬን ከሚጠርግልኝ ልጅ ነው የተዋስኳት። ልኳን እዩልኝማ። የበረዶ ሆኪ "ኳስ" በቁመናዋ ይቺኑ ነው የምትመስለው። ፓክ ይሏታል። ከጠንካራ ጎማ የተሠራች ናት፤ ወደ 170 ግራም ትመዝናለች። ከጨዋታ በፊት ማቀዝቀዣ ውስጥ ትከርማለች፤ አለዚያ እየነጠረች ታስቸግራለች። ጎበዝ መቺ እጅ ከገባች በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ትበራለች።

በረዶ ስል ደግሞ ክረምት ላይ ጣሪያችንን ደብድቦ የሚሄደውን አይደለም። እዚያ በረዶው እንደ ታሰሰ ምጣድ ለስልሶ የተነጠፈ፣ 60 ሜትር ገደማ የሚረዝም ሜዳ ነው። ከየቡድኑ ስድስት ሰው ይገባል፣ አንዱ በረኛ ነው። አንድ ተጫዋች 45 ሰከንድ ያህል ይሮጥና እያለከለከ ይወጣል፣ ሌላው ይተካል። በሐረጎ ዳገት ላይ ሩጫ የሞከረ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል።

[ምስል፦ በቆልማማ ዱላ የሚጫወቱ ልጆች]

ገና ጨዋታ ያየ ወሎዬ ግራ አይጋባም። ቆልማማ ዱላ አለ፣ ግፊያ አለ፣ ጠብ አለ። እኛ "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ብለን እናልፈዋለን። እነሱ ግን እንደ ቦታው ነው። ኤንኤችኤል በሚባለው የሰሜን አሜሪካ ሊግ ሁለት ሰዎች በቡጢ ከተቃመሱ አምስት ደቂቃ ተቀጥተው ይመለሳሉ። ያንኑ ጠብ አገሮች በሚፋለሙበት የዓለም ሻምፒዮና ላይ ቢደግሙት ከጨዋታው ይባረራሉ። ሰውየው አንድ፣ ሕጉ ሁለት።

ቪዲዮ ሳሳየው የሊስትሮው ልጅ የጠየቀኝ "እነዚህ የየት አገር ናቸው?" ብሎ ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ማልያው ላይ ፒትስበርግ ይላል፣ የአሜሪካ ከተማ ናት፤ ውስጡ ያለው ግን ካናዳዊ፣ ሩሲያዊ፣ ስዊድናዊ፣ ቼክ ነው።

እንዴት እዚያ ደረሱ? በምደባ! የዩኒቨርሲቲ ምደባ ታውቁ የለ? ልባችሁ አዲስ አበባ ሆኖ ስማችሁ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ላይ ሲወጣ? ድራፍት የሚሉት ነገር እንደዚያው ነው። 18 ዓመት የሞላቸውን ልጆች 32 ክለቦች በሰባት ዙር ይመርጧቸዋል። ባለፈው ዓመት የተሸነፈው ክለብ ቀድሞ የመምረጥ ዕድሉ ይሰፋል። ልጁ ከተማ አይመርጥም። ቆይቶም ክለቡ ሊለውጠው ይችላል። የሆኪው ንጉሥ ዌይን ግሬትዝኪን የሚያህል ሰው እንኳ እ.ኤ.አ. በ1988 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በእነሱ አቆጣጠር ናቸው) ከኤድመንተን ወደ ሎስ አንጀለስ ተሽጦ ካናዳን አስለቅሷል።

ሁሉም ደግሞ ግሬትዝኪ አይሆንም። ዊሊ ኦሪ በኤንኤችኤል የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ነው፤ ጥር 18 ቀን 1958 እ.ኤ.አ. ለቦስተን ክለብ ገባ። ከዚያ በፊት ፓክ መትቶት አንድ ዓይኑ ጠፍቷል። ይህን ለማንም አልተናገረም፣ ከታወቀ አያስጫውቱትማ! በጠቅላላው 45 ጨዋታ፣ 4 ጎል። በቁጥር ስናየው ምንም ማለት አይደለም። ቦስተን ግን በ2022 የ22 ቁጥር ማልያውን ከጣሪያ ላይ ሰቀለለት፤ ከእንግዲህ ማንም አይለብሰውም።

[ምስል፦ የቀን መቁጠሪያ። ግንቦት ተከቧል]

አሁን ወደ ጣጣው እንግባ። ስታንሊ ካፕ የሚባለው የኤንኤችኤል ዋንጫ ፍልሚያ የሚጀምረው በእነሱ ኤፕሪል ነው፣ ሰኔ ድረስ ይዘልቃል። ዋንጫውን ለማንሳት 16 ጊዜ ማሸነፍ ግድ ነው። የዓለም ሻምፒዮናው ደግሞ በየዓመቱ መሐሉ ላይ፣ ግንቦት አካባቢ ይውላል። ስለዚህ አንድ ኮከብ ለአገሩ ሲጫወት ካያችሁት፣ ክለቡ ተሸንፏል ማለት ነው። በደስታ ይሂድ በሐዘን እሱ ይወቀው።

ኦሎምፒክ ሌላ ነው። ሊጉ ከፈቀደ ውድድሩን አቁሞ ተጫዋቾቹን ይለቃል። መጀመሪያ የለቀቀው በ1998 ለናጋኖ ነው። በ2018 እና በ2022 አልለቀቀም፤ በ2026 ለሚላኖ ለቀቀ። ስንት ሰው ምርጥ ዕድሜው በዚህ መሐል ባክኗል።

የኦሎምፒክ ወርቅ፣ የዓለም ሻምፒዮና ወርቅና ስታንሊ ካፕ ሦስቱንም የያዘ ሰው ጥቂት የሆነው ለዚህ ነው። ቼኩ ያሮሚር ያገር አንዱ ነው። ስታንሊ ካፕን በ1991 እና በ1992 ወሰደ፣ ናጋኖ ላይ ወርቅ አጠለቀ። የቀረው የዓለም ሻምፒዮና ነበር። እሱ የተገኘው በ2005 ነው። በዚያ ዓመት ባለክለቦቹና ተጫዋቾቹ በገንዘብ ሳይስማሙ ቀርተው የኤንኤችኤል ውድድር ከነጭራሹ ተሰርዟል። ሁሉም ሰው ግንቦትን ነጻ ሆነ።

ሌላው ካናዳዊው ሲድኒ ክሮዝቢ ነው። ስታንሊ ካፕ በ2009፣ የኦሎምፒክ ወርቅ በ2010 እና በ2014። ዓለም ሻምፒዮናው ግን አልደርስ አለው፤ ፒትስበርግ አብዛኛውን ጊዜ ግንቦት ላይ ሥራ ላይ ነዋ! በ2015 ግን ፒትስበርግ በመጀመሪያው ዙር በኒው ዮርክ ሬንጀርስ ተሸንፎ ወደቀ። ክሮዝቢ ሻንጣውን ይዞ ወደ ፕራግ በረረ። እኛ ግንቦት 9 ቀን 2007 ብለን በቆጠርነው ዕለት ካናዳ ሩሲያን 6 ለ 1 አሸነፈች፣ አምበሉም እሱ ነበር። ሦስቱንም በአምበልነት ያነሳ ሰው ከእሱ ሌላ የለም። ለዚህ ያበቃው የክለቡ ሽንፈት ነው።

ካናዳ በግማሽ ፍጻሜው የጣለችው ደግሞ ማንን መሰላችሁ? አስተናጋጇን ቼክን፣ 2 ለ 0። እዚያ ቡድን ውስጥ የ43 ዓመቱ ያገር ነበር። የእሱም ክለብ ፍሎሪዳ ወድቆበት ነው የመጣው። ወርቁ ባይደርሰውም የውድድሩ ኮከብ ተብሎ ተሸለመ። 68 ቁጥሩን አልቀየረም፤ የሶቪየት ታንኮች ፕራግ የገቡበት 1968 መታሰቢያ ነው።

[ምስል፦ ፒያሳ፣ ቆርቆሮዋ ወደ ልጁ ሳጥን ስትመለስ]

ከዚያም አልተቀመጠም። ወደ ትውልድ ከተማው ክላድኖ ተመለሰ። የክለቡ ባለቤትም እሱ ነበር፤ 50 ካለፈ በኋላም እዚያው ክለብ ውስጥ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማውን አጥልቆ ገባ። ይህን ስነግረው የሊስትሮው ልጅ ብሩሹን አቆመ።

"ይሄ ሰውዬ ጡረታ የለውም እንዴ?"