ጃኬቱ ትክክል ነበር

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ስለዚህ ለማንም ያልነገርኩትን አንድ ነገር ልናዘዝ።

አሜሪካ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። ማታ ከሥራ ስገባ፣ ከምኖርበት ሕንፃ ሥር መኪና ማቆሚያው ውስጥ አንድ ሰው በመኪና መስኮት ሽቦ አስገብቶ ሲታገል አየሁ። ሌባ ነው አልኩ። ቤቴ ገብቼ ለፖሊስ ደወልኩ። "መኪና እየሰረቀ ነው፤ ግራጫ ጃኬት፣ ጥቁር ኮፍያ፣ ሦስተኛው ረድፍ።" ስልኩን ያነሣው ሰው ስሜን ሲጠይቀኝ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ፖሊሶቹ ሲደርሱ ሰውዬው ሽቦውን ጥሎ ጠርዙ ላይ ተቀምጦ ስልክ እያወራ ነበር። አስነሡት። እጁን መኪናው ላይ አስደግፈው ኪሱን በረበሩት። በኋላ አንደኛው የእጅ ባትሪውን ወደ ውስጥ ሲያበራ፣ ቁልፉ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። መኪናው የራሱ ነው፤ ቁልፉን ረስቶ ቆልፎበት ነው። ፖሊሶቹ ሲሄዱ ኮፈኑ ላይ የተዘረገፉትን ሳንቲሞችና ደረሰኞች አንድ በአንድ እየለቀመ ኪሱ ሲከት በመስኮት አየዋለሁ። መብራቴን አጠፋሁ።

እንግዲህ ጃኬቱ ትክክል ነበር። ኮፍያውም፣ ረድፉም ትክክል። የተሳሳትኩት ዋናው ነገር ላይ ብቻ ነው።

ከዓመታት በኋላ ለኮሌጅ ትምህርት አንድ ፍርድ ሳነብ፣ ያቺ ማታ ዓይኔ ላይ መጣች። ጉዳዩ ማያሚ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ዓ.ም። ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ለፖሊስ ይደውልና፣ እዚህ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ የቆመ፣ ባለ ካሬ ካሬ ሸሚዝ የለበሰ ጥቁር ወጣት ሽጉጥ ይዟል ይላል። በቃ፣ ሌላ ነገር የለም። ፖሊሶች ደርሰው ሦስት ልጆች ቆመው ያገኛሉ። አንዱ ያንን ሸሚዝ ለብሷል። የሚያጠራጥር ነገር አላደረገም፣ ሽጉጥም አይታይም። ፈተሹት። ሽጉጡ ከኪሱ ወጣ።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። ሽጉጡ እኮ ተገኝቷል! ደዋዩ እውነቱን ነው። ልጁ ገና 16 ዓመት አልሞላውም፤ ፍርዱ ላይ የተጻፈው በስሙ መነሻ ፊደላት፣ ጄ. ኤል. ተብሎ ነው። ሆኖም የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ፍተሻው ሕገ ወጥ ነው አሉ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ሩት ቤደር ጊንስበርግ ናቸው። ሐሳባቸው በእኔ አማርኛ ሲነገር፦ ሰውየውን ለይቶ ማሳየት ሌላ፣ ወንጀሉን ማወቅ ሌላ። ሸሚዙን በዚያ ያለፈ ሁሉ ያየዋል። ኪስ ውስጥ ያለውን ግን ደዋዩ በምን አወቀ? ፖሊስ ደግሞ የሚመዘነው ከመፈተሹ በፊት በሚያውቀው ነገር ነው። በኋላ የተገኘው ነገር ወደ ኋላ ተመልሶ ፍተሻውን አያጸድቀውም።

ማያሚ ያለችበት የፍሎሪዳ ግዛት "ሽጉጥ ከሆነ ለየት ይበል" ብላ ተከራክራ ነበር። አልሆነላትም። እንዲያ ቢሆን የጠላ ሁሉ ስልክ አንስቶ ጠላቱን ያስፈትሻል። ጥቆማው ስለ ቦምብ ቢሆንስ? ዳኞቹ ያንን ሳይወስኑ ትተውታል።

ፖሊስ ያሸነፈባቸውም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1990 ዓ.ም በተወሰነው የአላባማ ጉዳይ፣ ደዋዩ አንዲት ሴት በዚህ ሰዓት ከዚህ አፓርታማ ወጥታ፣ የኋላ መብራቱ በተሰበረ ቡናማ ፕሊመዝ መኪና ወደ እንትን ሞቴል ትሄዳለች፣ ኮኬይን ይዛለች አለ። ፖሊስ ተከተላት፤ አብዛኛው እንደተባለው ሆነ። ዳኞቹ ለጥቂትም ቢሆን በቂ ነው አሉ። ሦስቱ ግን አልተስማሙም። እኔም ከሦስቱ ጋር ነኝ። የት ወጥቼ የት እንደምገባ ጎረቤቴ በደንብ ያውቃል፤ ቦርሳዬ ውስጥ ምን እንዳለ ግን አያውቅም።

የበለጠ የሚከነክነኝ እ.ኤ.አ. የ2014ቱ ነው፣ የካሊፎርኒያው። አንድ ፒክአፕ ከመንገድ አስወጣኝ የሚል ስልክ ለ911፣ ለአሜሪካ የአደጋ ጥሪ ቁጥር፣ ተደወለ። ፖሊስ መኪናውን አግኝቶ አምስት ደቂቃ ያህል ተከተለው፤ አነዳዱ ምንም አይልም። ቢሆንም አስቆመው፣ ፍርድ ቤቱም 5 ለ 4 ፈቀደ። አንዱ ምክንያት ምን መሰላችሁ? 911 ቁጥር ይመዘግባል፣ ድምፅ ይቀዳል፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ለመዋሸት ደጋግሞ ያስባል የሚል።

እኔ እኮ ይህን አላውቅም ነበር! ስልኩን ስዘጋ የተደበቅኩ ነው የመሰለኝ። ዳኞቹ በሐሳባቸው የሣሉት ጠንቃቃ ደዋይ ያን ማታ መስኮቱ ላይ አልነበረም። ደግሞም አልዋሸሁም። ከልቤ ሌባ መስሎኝ ነው። ቅጣት የሚፈራው እየዋሸ መሆኑን የሚያውቅ ነው፤ እርግጠኛ ሆኖ የሚሳሳተውን ምን ያስፈራዋል?

ሰውዬው ከእኔ ሁለት ፎቅ ከፍ ብሎ ነው የሚኖረው። ሊፍት ውስጥ እንገናኛለን፣ ስለ አየሩ እናወራለን። አንድ ቀን፣ ሳልጠይቀው፣ ያንን ማታ አነሣብኝ። "አንዱ ጠቁሞብኝ እኮ ነው" አለኝ። "ውይ" አልኩት። የእኔ ፎቅ ደረሰና ወረድኩ።