«ጤፍ ነው?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም

ሰላም፣ ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ልጆቹ ተኝተዋል። ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ምስር እየለቀምኩ ነው የማወራችሁ። ሲንሿሿ ከተሰማችሁ እሱ ነው።

ምስር የምለቅመው ድንጋይ ፍለጋ አይደለም። ስንዴ ፍለጋ ነው። እስካሁን ሦስት ፍሬ ስንዴና አንድ ፍሬ ገብስ አግኝቻለሁ፤ ትሪው ጥግ ላይ ለይቼ አስቀምጫቸዋለሁ። ልጅ ሆኜ እናቴ ምስር ስታስለቅመኝ ስንዴውን አልፈው ነበር። እህል ነው፣ ምን ያደርጋል? አሁን ግን መብራት አጠገብ ሁለት ጊዜ እለቅማለሁ፣ ከዚያ አጥባለሁ።

ሲሊያክ የሚባል ሕመም አለብኝ። ስንዴ፣ ገብስና ራይ የሚባለው የፈረንጅ እህል ውስጥ ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አለ። የስንዴ ሊጥ ስትጎትቱት እንደ ላስቲክ የሚለጠጠው በእሱ ነው። እኔ እሱን ስበላ የገዛ ሰውነቴ መከላከያ ተነሥቶ ትንሹን አንጀቴን ይጎዳዋል። አንጀቱ ከተጎዳ ደግሞ የፈለግኩትን ብበላ ብረቱም ቫይታሚኑም ሰውነቴ ውስጥ አይገባም። ከመቶ ሰው አንዱ ገደማ አለበት ይባላል። የሚዋጥ መድኃኒት የለውም፤ ሕክምናው ዕድሜ ልክ ግሉተን አለመብላት ነው።

አገር ቤት እያለሁ ሆዴን ባመመኝ ቁጥር መልሱ አንድ ነበር፦ «ጨጓራ ነው»። ተልባ ጠጣሁ። በርበሬ ተውኩ። በርበሬውን ትቼ ምን በላሁ? ዳቦ በሻይ፣ የገብስ ገንፎ፣ አጥሚት። ሆዱን ያመመው ሰው ለስላሳ ነገር ይብላ ይባላል አይደል? የሚያስቡልኝ ሰዎች ሁሉ በፍቅር የሚያበሉኝ ያንኑ የሚያሳምመኝን ነበር። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ከመጣሁ በኋላም የብረት ክኒን እየዋጥኩ ደሜ አልሞላ አለ። በ34 ዓመቴ አንዲት ሐኪም «ይሄ ደም ማነስ ብቻ አይደለም» ብላ የደም ምርመራ አዘዘችልኝ፤ ከዚያ በኢንዶስኮፒ፣ በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ ከአንጀቴ ናሙና ተወሰደ። በዚያ ታወቀ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለምናችሁ። «እኔም እንደዚህ ነኝ» የምትሉ ካላችሁ ሳትመረመሩ ስንዴ አታቁሙ። ካቆማችሁ በኋላ ብትመረመሩ ሕመሙ እያለ የለም የሚል ውጤት ሊወጣ ይችላል። መጀመሪያ ምርመራው ይለቅ።

የምግብ ባለሙያዋ የተከለከለውን ስትዘረዝርልኝ ዝም ብዬ ሰማሁ። ፓስታ፣ ዳቦ፣ ቢራ፣ አኩሪ አተር ሶስ። በልቤ ግን «እኔ ሐበሻ ነኝ፣ ጤፍ አለኝ» እል ነበር። ጤፍ ውስጥ እውነትም ይህ ግሉተን የለም። በ2005 በፈረንጆቹ የሆላንድ ተመራማሪዎች የተለያዩ የጤፍ ዓይነቶችን መርምረው ይህንኑ ጽፈዋል። እልል ነው ያልኩት። ከቤት ሁሉ የእኔ ቤት ተመርጦ የተረፈ መስሎኝ።

ለአራት ወር እንጀራ እየበላሁ ታመምኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ብዙ ቦታ እንጀራ ንጹህ ጤፍ አይደለም። ጤፍ ውድ ነው፤ ብቻውን ሲሆን ደግሞ ማቡካቱም መጋገሩም ያስቸግራል። ስለዚህ ገብስ ይገባበታል፤ ሰልፍ ራይዚንግ የሚባለው የስንዴ ዱቄትም ይገባበታል። ይሄ ማጭበርበር አይደለም። ጤፍ እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን እዚህ የኖሩ እናቶች ያገኙትን ቀላቅለው እንጀራ አበሉን። እኔ ግን ምግብ ቤት ገብቼ «ጤፍ ነው?» ብዬ ስጠይቅ «አዎ፣ ጤፍ ነው» ይሉኛል። አልዋሹም፣ ጤፍ አለበት። መልኩ ጠቆር ካለ ለእኛ ጤፍ ነው። ጥያቄዬ ነበር የተሳሳተው። አሁን «ሲቦካ ምን ምን ገባበት? ገብስ አለው? ስንዴ አለው?» ነው የምለው። የሚመልስልኝም አስተናጋጇ ሳትሆን የጋገረችው ሴት ብትሆን እመርጣለሁ።

የሱቅ እንጀራ ላስቲክ ላይ ጽሑፍ ካለው ደግሞ እስከ መጨረሻው አንብቡት። በፈረንጆቹ ከ2006 ጀምሮ የሚሠራው የአሜሪካ ሕግ ስንዴ ያለበት ምግብ ላይ ስንዴ ተብሎ በግልጽ እንዲጻፍ ያስገድዳል። ገብስን ግን ያ ሕግ አይጠቅሰውም። «ስንዴ አለበት» የሚል ማስጠንቀቂያ ስላላያችሁ ብቻ አትመኑት። «ግሉተን ፍሪ»፣ ማለትም ከግሉተን ነፃ፣ የሚለው ጽሑፍ ነው የሚሻለው፤ ያን ለመጻፍ በአንድ ኪሎ ምግብ ውስጥ ያለው ግሉተን ከ20 ሚሊግራም በታች መሆን አለበት።

በመጨረሻ ራሴ መጋገር ጀመርኩ። አይዳሆ የሚበቅል ጤፍ አለ፤ ግሉተን ፍሪ የሚል ጽሑፍ ያለበትን ዱቄት ገዛሁ። እርሾውን ከዜሮ ጀመርኩ፤ የጎረቤት እርሾ ከምን እንደመጣ አይታወቅማ። የመጀመሪያዎቹ ተሰነጣጠቁ፣ ዓይን አላወጡም። አብሲት አጥብቄ ስጥልበት ነው የተስተካከለው። ምጣዱን አዲስ ገዛሁ። ማሰሻውን ጨርቅ ግን ረስቼው ነበር! ለባለቤቴ አምባሻ የጋገርኩበትን ምጣድ የማስስበትን ያንኑ ጨርቅ ለእኔ እንጀራ እጠቀምበት ነበር። አሁን የእኔ ማሰሻ፣ የእኔ ማማሰያ፣ የእኔ ወንፊት ቀይ ክር ታስሮባቸዋል። ልጆቹ ቀይ ክር ያለውን እንደማይነኩ ያውቃሉ።

ሌላው ቀላል ነው። ጎመን፣ ክትፎ፣ ድንች፣ ሩዝ። ገንፎ ሲያምረኝ ቡላ እሠራለሁ። ጠላ ብቅል ስላለው ቀረ። የሽምብራ ቆሎ እንኳ ከገብስ ጋር በአንድ ብረት ምጣድ ስለሚቆላ ራሴ ነው የምቆላው።

የሚከብደው ሰው ፊት ነው። አንድ ሠርግ ላይ አንዲት ትልቅ ሴትዮ ድፎ ዳቦ በቆረሱበት እጃቸው ላጉርስሽ አሉኝ። «እትዬ፣ ይቅርታ፣ ሐኪም ከልክሎኝ ነው» ብላቸው «እጄን ናቅሽው?» አሉ። ፊታቸው አሁንም አይረሳኝም። ከዚያ ወዲህ ቀድሜ ነው የምናገረው፤ ድግስ ስጠራ ለባለቤቶቹ ደውዬ ምግቤን ይዤ እንደምመጣ እነግራቸዋለሁ። የዝክር ዳቦ ሲሰጠኝ በሁለት እጄ ተቀብዬ፣ ስሜው፣ አጠገቤ ላለው ሰው አሳልፋለሁ፤ ከዚያ እጄን እታጠባለሁ። ቁርባን የሚጋገረው ከስንዴ ነው። ስለ እሱ ከንስሐ አባቴ ጋር ቁጭ ብለን ተነጋግረናል፤ እሱ በእሳቸውና በእኔ መካከል ይቆይ።

ከስድስት ወር በኋላ ደሜ እንደገና ሲታይ የሕመሙ ምልክት ቀንሷል፤ ግን የሚጠበቀውን ያህል አልነበረም። ባለሙያዋ የምበላውን አንድ በአንድ አስጻፈችኝ። ሽሮ ላይ ስንደርስ «ከየት ነው የምታመጪው?» አለች። እናቴ ከአዲስ አበባ ነው የምትልክልኝ።

ማታ ደወልኩ። «እማዬ፣ ሽሮው የት ነው የተፈጨው?»

«የት ይፈጫል? ያው ወፍጮ ቤት ነዋ።»

«ከእኛ በፊት ምን ተፈጭቶበት ነበር?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ። ወረፋ ነው። ስንዴም ይሆናል፣ ገብስም ይሆናል።» ከዚያ ዝም አለች። ዝምታው ረዘመ። «ታዲያ መርዝ ነው እንዴ ስልክልሽ የኖርኩት?» አለችኝ።

ምን እላለሁ? አለቀስኩ። እሷም አለቀሰች። ሽሮዋ ለስምንት ዓመት እዚህ አገር ያቆየኝ ነገር ነው፤ ጣሳውን ስከፍት ቤታችን ይሸተኛል። ያን ጣሳ ለጎረቤቴ ሰጠሁት።

ለሁለት ወር ያህል ስለ ሽሮ አላነሳችብኝም፣ እኔም አላነሳሁባት። ለካ እሷ ዝም አላለችም። አዲስ የቡና መፍጫ ማሽን ገዝታለች። ሽምብራውን ፍሬ በፍሬ ለቅማ፣ ገብስ ነክቶት በማያውቅ አዲስ ብረት ምጣድ ቆልታ፣ ማሽኑ ሲግል እያሳረፈች፣ በአዲስ ወንፊት ነፍታዋለች። ቅመሙንም እዚያው ፈጨችው። ለሁለት ኪሎ ሽሮ ሦስት ቀን ፈጀባት። ወገቧን ያማታል እኮ።

ትናንት ሰው ይዞልኝ መጣ። ላስቲኩን በላስቲክ ጠቅልላ፣ ላዩ ላይ በእስክሪብቶ «የልጄ ብቻ» ብላ ጽፋበታለች። እንደ ወፍጮ ቤቱ አልላመም፤ በጣት ሲዳሰስ ትንሽ ሻከር ይላል።

በሉ፣ ምስሩ ለነገ ይደር። ሽንኩርት ልክተፍ። ደኅና እደሩ።