በርሜሉ ከፎቶው ውጭ ነው

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣

አዘጋጆቹ ስለ ሱፐርክሪቲካል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተስፋ እንድናገር ነበር የፈለጉት። ተስፋው አለ፤ እደርስበታለሁ። በመጀመሪያ ግን ሆዴ ውስጥ የከረመ ነገር ላውጣ።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ31 ዲግሪ ሴልሺየስና ከ74 ባር ግፊት ሲያልፍ ሱፐርክሪቲካል ይሆናል፦ እንደ ጋዝ ይሰርጋል፣ እንደ ፈሳሽ ያሟማል። ይህን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። መድኃኒትን በፖሊመር፣ ማለትም እንደ ፕላስቲክ ባለ ረጅም ሰንሰለት ቁስ፣ ሸፍነን ቀስ እያለ እንዲለቀቅ ስናደርግ የምንመርጠውም ለዚሁ ነው። ሙቀቱ ለስስ ውህዶች ይመቻል፤ ግፊቱ ሲለቀቅ ደግሞ ጋዙ በራሱ ይሄዳል።

ግን አብዛኛውን ፖሊመር አያሟማም። ፒኤልጂኤ የተባለውን የመድኃኒት መሸፈኛ ፖሊመር ያሳብጠዋል፣ ያለሰልሰዋል፤ አበቃ። ታዲያ ብዙዎቻችን ምን እናደርጋለን? ፖሊመሩንና መድኃኒቱን ዳይክሎሮሜቴን በተባለ መርዛማ አሟሚ እናሟማና በጠባብ ቀዳዳ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ እንረጫለን። እሱ አሟሚውን ይነጥቃል፤ ፖሊመሩ መድኃኒቱን እንደያዘ ጠጣር ይሆናል። የረቀቀ ዘዴ ነው። ከአሟሚ ነፃ ግን አይደለም!

አንድ ኩባንያ ጋብዞን ነበር። ስሙ ይቅር። መግቢያው ላይ «አረንጓዴ ቴክኖሎጂ፣ ከአሟሚ ነፃ» የሚል ግድግዳ የሚያክል ፖስተር አለ። ጋዋን አለበሱን፣ ታንኩ ፊት ፎቶ አነሱን። አስጎብኚው ስለ ንጹሕ ምርት ሲያወራ አፉ አይደርቅም። «ፖሊመሩስ በምን ሟምቶ ነው የሚገባው?» አልኩት። ጣሪያውን አየ። «በረዳት ፈሳሽ» አለኝ። ረዳት! በኋላ በር ስንወጣ በርሜሎች ተደርድረዋል። አንዷ ባልደረባችን መለያውን ጮክ ብላ አነበበችው፦ ዳይክሎሮሜቴን። ከዚያ ወዲያ ጉብኝቱ ፈጠነ፤ የምሳው ግብዣም ተረሳ።

መድኃኒት ውስጥ ሊቀር የሚችለው ዳይክሎሮሜቴን ገደቡ 600 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 600 እጅ) ነው። በካርቦን ዳይኦክሳይድ በደንብ ካጠብነው ከዚያ በታች ሊወርድ ይችላል። ግሩም! ቁጥሩን ጻፉዋ። ቁጥር እያለ መፈክር ምን ያደርጋል? ደግሞስ ከዱቄቱ የወጣው የት ሄደ? አሟሚውን ከጋዙ በሚለየው ዕቃ ውስጥ ተያዘ ወይስ በጭስ ማውጫው ተለቀቀ? ላቦራቶሪ ውስጥ የሚተነፍሱት ተማሪዎቻችን ናቸው፤ «ነፃ» ብለን የምንፈርመው ግን እኛ ነን!

ያልኳችሁ ተስፋ ይኸውላችሁ። ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ወደ ቀለጠው ፖሊመር አስገብቶ ድብልቁን በቀዳዳ መልቀቅ ይቻላል። ጋዙ ሲሰፋ ይቀዘቅዛል፣ ፖሊመሩም ይጠነክራል። በርሜል የለም። «ነፃ» የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ችግሩ ቅንጣቶቹ ብዙ ጊዜ አያምሩም፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ የተጨማደደ። እኛ ደግሞ ፎቶ እንወዳለን። ድብልብሉ ቅንጣት የመጽሔት ሽፋን ላይ ይወጣል፤ በርሜሉ ከፎቶው ውጭ ይቀራል።

ሌሎች ነጥቦችም ነበሩኝ። መድኃኒቱ ቅንጣቱ ገጽ ላይ ተለጥፎ ውኃ ሲነካው ግልብጥ ብሎ የሚወጣ ከሆነ፣ ተሸፈነ አንበል። ጋዙን መልሶ ማመቅም ኃይል ይበላል፤ እሱን ለሌሎች ተናጋሪዎች ትቻለሁ።

የከሰዓቱን ስብሰባ የምመራው እኔ ነኝ። ለእያንዳንዱ አቅራቢ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ለአንድ ግራም ምርት ስንት ግራም አሟሚ ገባ፣ ስንቱስ ተመልሶ ተያዘ? ምሳ ሰዓት አላችሁ፤ አስሉት።

አመሰግናለሁ።