መድኃኒቱ ሲወድቅ ትርፍ የሚያሳየው መስመር

[በማሳያው ላይ፦ የአንድ አነስተኛ መድኃኒት አምራች የትርፍና ኪሳራ መግለጫ፤ አንዱ መስመር ቢጫ ተቀብቷል]

ገና አንድ እንክብል ያልሸጠ ኩባንያ በሩብ ዓመት 9 ሚሊዮን ዶላር ትርፍ አስመዘገበ እንበል። ገንዘቡ ከየት መጣ? ከየትም አልመጣም። ቢጫው መስመር «የዋራንት ተገቢ ዋጋ ለውጥ» ይላል።

ዋራንት የኩባንያውን አክሲዮን ወደፊት አስቀድሞ በተቆረጠ ዋጋ ለመግዛት የሚያስችል መብት ነው። በስፓክ፣ ማለትም ሌላ ድርጅት ለመጠቅለል ብቻ በተቋቋመ ባዶ ኩባንያ በኩል ገበያ የገቡ አምራቾች ዘንድ የተለመደው የአክሲዮን መግዣ ዋጋ 11.50 ዶላር ነው።

[በማሳያው ላይ፦ ጥቁር ሰሌዳ]

እናስላው። 10 ሚሊዮን ዋራንት አለ፤ አክሲዮኑ 8 ዶላር ይሸጣል፤ አንዱ ዋራንት 1 ዶላር ተገምቷል። መዝገቡ ላይ 10 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ ይቀመጣል። የመድኃኒቱ ሙከራ ሠመረና አክሲዮኑ 16 ዶላር ገባ። ዋራንቱ 6 ዶላር አወጣ፤ ዕዳው 60 ሚሊዮን ደረሰ። ጭማሪው 50 ሚሊዮን ኪሳራ ተብሎ ይጻፋል፤ ከካዝናው ግን ሳንቲም አልወጣም። ሙከራው ቢከሽፍስ? አክሲዮኑ 2 ዶላር፣ ዋራንቱ 10 ሳንቲም፣ ዕዳው 1 ሚሊዮን ይሆናል። የቀነሰው 9 ሚሊዮን ትርፍ ይባላል። ቅድም ያየነው ትርፍ ይኸው ነው።

ሁሉም ዋራንት ዕዳ አይደለም፤ የውሉ አንቀጾች ይወስናሉ። በአውሮፓውያኑ ኤፕሪል 12 ቀን 2021 የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ባለሙያዎች በዚሁ ላይ መግለጫ ሲያወጡ፣ በርካታ ስፓኮች ያሳተሙትን ሒሳብ እንደገና ለማረም ተገደዋል።

ኧርንአውት ደግሞ በኩባንያ ሽያጭ በዋጋ ያልተስማሙ ገዢና ሻጭ ማስታረቂያ ነው፦ ከፊሉ ዛሬ፣ ቀሪው መድኃኒቱ ከተሳካ ይከፈላል። በጥሬ ገንዘብ የሚከፈል ከሆነ ገዢው ያንን «ከተሳካ» በዕዳነት መዝግቦ፣ የመሳካት ዕድሉ በተለወጠ ቁጥር ዋጋውን ያስተካክላል።

የኧርንአውት የቅርብ ዘመድ የሆነ አንድ ታሪክ አለ፤ እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ። መድኃኒት አምራቹ ብሪስቶል ማየርስ ስኩዊብ በ2019 ሌላውን አምራች ሴልጂንን ሲገዛ፣ ለእያንዳንዱ የሴልጂን አክሲዮን ከዋናው ክፍያ በተጨማሪ 9 ዶላር ሊያስገኝ የሚችል መብት ሰጠ። ሦስት መድኃኒቶች በተቆረጠላቸው ቀን የአሜሪካን የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ ማግኘት ነበረባቸው፤ አንዱ ካረፈደ ሁሉም ቀረ። ብሬያንዚ የተባለው የሊምፎማ፣ ማለትም የሊምፍ ካንሰር ሕክምና ቀነ ገደቡ ዲሴምበር 31 ቀን 2020 ነበር። በኮቪድ ምክንያት ተቆጣጣሪዎቹ አንዱን ማምረቻ በጊዜው ሄደው ማየት አልቻሉም። ፈቃዱ የመጣው ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2021 ነው።

[በማሳያው ላይ፦ 36 ቀን]

መድኃኒቱ አልወደቀም፤ ዘገየ እንጂ። 9 ዶላሩ ግን ዜሮ ሆነ። ለባለመብቶቹ የተረፋቸው ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ኩባንያው ሆን ብሎ አዘግይቷል ብለው ከሰሱ፣ ኩባንያውም አስተባበለ። በገዢው መዝገብ ላይ ደግሞ የተሰረዘው ዕዳ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ገቢ ሆኖ ተመዘገበ።

እንዲህ ያለ መስመር ሲያጋጥማችሁ ጥቂት ገጾች ገልጣችሁ የጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫውን እዩ። እዚያ ትርፉ ተቀንሶ፣ ኪሳራው ተደምሮ ታገኙታላችሁ፤ ሒሳብ ሠራተኛው ራሱ ገንዘብ እንዳልነበረ ያውቃልና።